እንጀራ ቀንሼ ፕሮቲኑን ከጥራጥሬ ላግኝ ብል ሽሮ ያዋጣኛል?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ስኳርህ ድንበር ላይ ነው ተባልኩ። መድኃኒት አልተጀመረልኝም። "ካርቦሃይድሬት ቀንስ፣ ፋብሪካ ያለፈበትን ነገር ተው፣ ትንሽ ክብደት ጣል" ብለው ሸኙኝ። ዩቲዩብ ስከፍት ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሥጋ፣ እንቁላልና ቺዝ ነው። እኔ ጿሚ ነኝ። ረቡዕና ዓርቡ፣ ሁዳዴው፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲደማመር የዓመቱን ግማሽ ይወስዳል። በጣሳ የታሸገ የፕሮቲን ዱቄት አለ ይላሉ። ዋጋውን ሰምቼ ተውኩት። ደግሞስ ገበያው ላይ ምስርና ሽምብራ ተከምሮ እያየሁ ምን በወጣኝ?

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከራሳችን እህል ፕሮቲኑ ከፍ፣ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ያለው የቱ ነው? ሽሮስ ይቆጠራል ወይስ ያው የእንጀራ ወንድም ነው?

ሸዋበሬው (ደሴ)

ወሎ ተቀምጠህ ሽሮን ትጠረጥራለህ? በቃ አገር ልቀቅ ሃሃሃ።

ጥሬና_ብስል (ደሴ)

ቀልዱን ትተን እንነጋገር። የምግብ ሳይንስ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ትንሽ ቁጥር ታገሡኝ።

መጀመሪያ "ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት" ስትል የትኛውን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይባላል። ኪቶ የሚባለው ከ50 ግራም በታች ነው፤ 20 ድረስ የሚወርዱም አሉ። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ዩቲዩብ ላይ የሚጮኸው አብዛኛው ኪቶ ነው። አንተን ግን "ቀንስ" ነው ያሉህ፣ "አጥፋ" አላሉህም።

አሁን ወደ እህሉ። 100 ግራም ጤፍ 13 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ካርቦሃይድሬቱ 73 ነው፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ አሰር (ፋይበር) ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ደግሞ ፕሮቲኑ 25፣ ካርቦሃይድሬቱ 63፣ ከዚያ ውስጥ አሰሩ 11 ገደማ ነው። ሽምብራ ፕሮቲኑ 20 ላይ ዝቅ ይላል፣ ሌላው ከምስር ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሽሮ የእንጀራ ወንድም አይደለም። ሥጋም አይደለም። መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። ስታርች አለው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው።

ባቄላ ይሻላል። ፕሮቲኑ 26፣ ካርቦሃይድሬቱ 58 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 25ቱ አሰር ነው። ሆድ የማይፈጨውን አሰር ስትቀንስ የሚቀረው 33 ነው። ቁጥሩ ሁሉ የደረቅ እህል መሆኑን አትርሱ። ሲቀቀል ውሃ ይጠጣና 100 ግራም ቅቅል ምስር 9 ግራም ፕሮቲንና 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል።

የምትፈልገው ነገር ያለው ግን ከሽሮው መደርደሪያ ወዲያ ማዶ ነው። ግብጦ፣ አኩሪ አተር፣ የዱባ ፍሬ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ኑግ። ግብጦ ብቻውን በ100 ግራም 36 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ስታርች የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የዱባ ፍሬ 30 ነው፣ ካርቦሃይድሬቱ 11 ብቻ። እሱን እኮ ነው ዱባ ስንከትፍ የምንጥለው!

ሸዋበሬው (ደሴ)

የዱባውን ፍሬ እኛ ቤት ልጆች ይሻሙበታል፣ ማን ይጥላል። ለማንኛውም አመሰግናለሁ፣ ገብቶኛል። ጾመኛው ወፍ ነው ማለትህ ነው።

ኪቶ_በሐበሻ

ኧረ ተዉት ይህን ሁሉ። እህል እህል ነው። ምስርም ሽምብራም ስኳር ነው። አቮካዶ፣ ዘይት፣ ጎመን፣ በቃ። እኔ በዚህ ነው የቀነስኩት።

ጥሬና_ብስል (ደሴ)

@ኪቶ_በሐበሻ ላንተ ሠርቶልህ ከሆነ ደስ ይላል። ግን ሁለት ወር ሙሉ አቮካዶና ጎመን የሚበላ ጿሚ ፕሮቲኑን ከየት ያመጣል? 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢያንስ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ከጎመን ይህን ለማግኘት ማሳውን መጨረስ ነው። ሰውየው ክብደቱ ሲቀንስ ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

የሰኞ_ገበያዋ (ደሴ)

እኔ እህል ነው የምሸጠው። ቁጥሩን ለተማሩት ትቼ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ምስር ስትገዙ ድፍኑን ግዙ። ክኩ ቶሎ ይበስላል፣ ያምራል፣ ግን ልጣጩ ወጥቷል። አሰሩ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። የኛ ሰው ድፍን ምስር ለአዚፋ ብቻ ይመስለዋል። ወጥም ይሆናል፣ ንፍሮም ይሆናል።

ሽሮ ተፈጭቶ የታሸገውን አልነቅፍም፤ እንጀራዬ ነው። ግን የስኳር ሰው ከሆናችሁ እህሉን መርጣችሁ፣ አስቆልታችሁ፣ አስከክታችሁ፣ ራሳችሁ ወፍጮ ቤት ቆማችሁ አስፈጩ። ምን እንደገባበት ታውቃላችሁ። ሽምብራውን ቀንሳችሁ ባቄላና አተር አብዙበት። ከዚያ ወጡ ላይ ዘይቱን ሳይሆን ሽንኩርቱን።

ኑግና ሰሊጥ ስትገዙ እጃችሁ ላይ አሽታችሁ አሽትቱ። የከረመው ይሸታል። ተልባ ደግሞ አታስፈጩ፣ ጥሬውን ያዙና በሚበላበት ቀን ቆልታችሁ ውቀጡ። ተፈጭቶ የከረመ ተልባ ዘይቱ ይበላሻል፣ ይመርራል።

ግብጦ ስለምትሉት፣ ከጎጃም በኩል ነው የሚመጣ። እኛ ጋ እንደ ምስር ተቆልሎ አይቆይም። አንድ ሁለት ሰው ያመጣል፣ ሲያልቅ ያልቃል።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። ግብጦን የአረቄ ቤት ቆሎ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ይመር የለ?

ከዳንግላ_ደሴ

እኔ ልመልስ፣ የአገሬ ጉዳይ ነው። ይመራል፣ በጣም። ምሬቱ አልካሎይድ ነው፤ ሳይወጣ ከተበላ ያሳምማል። ስለዚህ አቋራጭ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥሬውን ታጥበዋለህ፣ ሌሊቱን ትዘፈዝፋለህ። በማግስቱ በደንብ ትቀቅላለህ። ውሃውን ትደፋለህ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አኑረህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃውን ትቀይራለህ። ገጠር በጆንያ አስረው ወራጅ ወንዝ ውስጥ ይተዉታል። ቀናት ይፈጃል። እየቀመስክ ትሄዳለህ፣ ምላስህ ምሬት ካጣ አለቀ። የተደፋውን ውሃ ለከብትም ለዶሮም አትስጥ። ከዚያ ልጣጩን ጨመቅ ስታደርገው ፍሬው ፊጭ ብሎ ይወጣል። ጨው፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። አዚፋ የምትሠራበትን ሰናፍጭ ብታደርግበት እኔ ራሴ መጥቼ እበላልሃለሁ።

አንድ ነገር፦ ለውዝ የሚያስቆጣው ሰው ግብጦም ሊያስቆጣው ይችላል። እንደዚያ ያለ ካለ ይተወው።

ሐረጎ_ተመላላሽ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ማደሪያዬ ደሴ። ያንኑ ሽምብራ፣ ያንኑ ድስት፣ ታች ሲቀቀል በልኩ ይበስላል፣ እላይ ስወስደው እንደ ጠጠር ይቀመጣል። ሚስቴ "እህሉን ለዋውጠህ አምጥተህ ነው" ትለኛለች። ሌላ ሰው ገጥሞታል?

ጥሬና_ብስል (ደሴ)

ከርዕሱ አልወጣህም፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንስና ውሃው ቶሎ ይፈላል። ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94። እሳቱን ብታበዛ ውሃው ይተንናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እህሉ የሚበስለው በሙቀት ስለሆነ እላይ ይዘገያል።

መፍትሔው ማታ መዘፍዘፍና የፕሬዥር ድስት ነው። አኩሪ አተር የምታበስሉ በተለይ ስሙኝ። ጥሬውና ያልበሰለው አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። እሱን የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ደሴ ላይ "ሰዓቱ ደርሷል" ብላችሁ አታውጡ። በጣት ሲጨመቅ ይለስልስ።

ለሚስትህ ይህን አንብብላት። እህሉ ንጹሕ ነው።

ሐረጎ_ተመላላሽ

አነበብኩላት። "ታዲያ ድስቱን ግዛ" አለች።

ቆጣቢው (ኮምቦልቻ)

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ጓያ። ፕሮቲኑ ከሽምብራ ይበልጣል፣ ርካሽ ነው፣ ሽሮው ይጣፍጣል። ለምን ተረሳ?

ጡረተኛ_መምህር (ደሴ)

አልተረሳም ልጄ። ሆን ተብሎ ነው የተዘለለው።

እኔ ደላንታ አስተምሬአለሁ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ደላንታና ዳውንት ላይ የደረሰውን የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል። ሌላው እህል ሲከሽፍ ጓያ ብቻ ይተርፋል፤ ድርቁንም ጎርፉንም ይችላል። ሰው ያለውን ይበላል። ለወራት ጓያ ቂጣ፣ ጓያ ሽሮ፣ ጓያ ንፍሮ። ከዚያ ብርቱ ብርቱው ወጣት ሁሉ እግሩ መያያዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጉልበቱ ይከብደዋል፣ ከዚያ በዱላ ይሄዳል፣ ከዚያ በእንብርክክ። መድኃኒት የለውም። የሄደ እግር አይመለስም። ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹን ነበር የሚበዛባቸው።

በደህና ጊዜ፣ ከጤፉና ከገብሱ ጋር፣ አልፎ አልፎ ሽሮ ውስጥ ትንሽ ቢገባ ያ ሌላ ነገር ነው። ዋና ምግብ ስታደርገው ነው የሚጎዳህ።

ሌሊት_ተረኛ (ደሴ)

ጋሼ ያሉትን ላጠናክር፣ ነርስ ነኝ። የጓያው መርዝ ኦዳፕ የሚባል ነገር ነው። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። እዚህ ክር ላይ ያለ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሳል። እናንተ ደግሞ የምታደርጉት ተቃራኒውን ነው። እንጀራውን ታነሳላችሁ፣ ሽሮውን በሳህን ትበላላችሁ። ሽሮው ውስጥ ጓያ ካለ መጠኑ ይጨምራል፣ መከላከያው ይቀንሳል። ስለዚህ "ምን ተፈጨበት?" የሚለው የእትዬ ምክር የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌላው፣ መድኃኒት የጀመራችሁ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰዳችሁ እንጀራውን በአንድ ጊዜ ግማሽ ካደረጋችሁት ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን መጭለምለም፣ ራስን መሳት ድረስ። አብሽ እየጨመራችሁ ከሆነ እሱም ስኳር ያወርዳል። መጀመሪያ ሐኪማችሁን አነጋግሩ፣ መጠኑ ይስተካከል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ ስጋት በጣም ይቀንስለታል። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ደግሞ ፕሮቲን እንደልቡ አይጨምርም።

ጠያቂው መድኃኒት ስላልጀመርክ አንተን ብዙ አይመለከትህም። የሚያነብ ሌላ ሰው አለ ብዬ ነው።

ቆጣቢው (ኮምቦልቻ)

እሺ፣ ጓያውን ከዝርዝሬ አውጥቻለሁ። እግዜር ይስጥልን ጋሼ።

ሐርቡዋ (ቃሉ)

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ጋ ማሾ ሞልቷል፣ ማንም ስሙን አላነሳውም። ቃሉና ወደ ከሚሴ በኩል ገበሬው ይዘራዋል፣ አብዛኛው ግን ለነጋዴ ነው የሚሄድ። ማሾ እንደ ምስር ነው፣ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ አይልም። ግን ሆድ አይነፋም። ባቄላ ለሚያስቸግረው ሰው ይሆናል። ሌሊት ዘፍዝፋችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሁለት ቀን ብታቆዩት ይበቅላል። ከዚያ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ለብ አድርጎ መብላት ነው።

የረመዳን ጥያቄ ደግሞ ከኔ። እኛም ማፍጠሪያ ላይ ያው የሚጎዳን ካርቦሃይድሬቱ ነው። ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ጣፋጩ። እናቴ ስኳር አለባት። ቴምሩን አንድ አድርጋ አብሹን ብትጠጣ ምን ይመስላችኋል?

ሌሊት_ተረኛ (ደሴ)

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። አብሹ ጥሩ ነው፣ ማር ካልተጨመረበት። አሰሩ ውሃ ውስጥ ስለሚያብጥ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። አዘፍዝፋ፣ መራራውን ውሃ ደፍታ፣ መትታ በሎሚ ትጠጣው። ከሳምቡሳው በፊት ድፍን ምስር ሾርባ ብትቀድም ደግሞ ሳምቡሳው ላይ እጇ ያጥራል። ግን እናትሽ መድኃኒት ላይ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ረመዳን ሳይገባ ሐኪም ጋ ሄደው የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ያስተካክሉ። መጾም የሌለባቸው የስኳር ሕሙማንም አሉ፣ ይህን በስልክ አይቼ አልወስንላቸውም።

ሐርቡዋ (ቃሉ)

ጀዛኪላህ። ማሩን እኔው ነኝ የማስቀርባት፣ አብሽሪ።

ሸዋበሬው (ደሴ)

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ "እልበት የት ሄደ?" እያለች ነው። የምትለውን ልጻፍ።

ባቄላ ተከክቶ፣ ትንሽ ምስር፣ ጥቂት አብሽ። ይፈጫል፣ ይነፋል። በውሃ ይበጠበጥና እየተማሰለ ይበስላል፣ እንደ ገንፎ ሳይሆን ቀጠን ብሎ። ይቀዘቅዛል። ከዚያ ይመታል፣ ይመታል፣ ይመታል። ነጭ ሆኖ አረፋ እስኪመስል። እጅ እስኪዝል ማለት ነው። ከጎኑ ስልጆ። ስልጆውም የባቄላ ዱቄት ነው፣ በሱፍ ውሃና በሰናፍጭ የተብላላ። "ይህን በልቶ የተራበ የለም" ትላለች። እኔ ስበላው የነበረው በሁለት እንጀራ እንደነበር አልነገርኳትም።

ጥሬና_ብስል (ደሴ)

እናትህን ሳምልኝ። ይህ ክር ውስጥ እስካሁን ከተባለው ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። ባቄላው፣ አብሹ፣ ሱፉ አንድ ላይ ገቡ።

ለምን እንደምል ላብራራ። ፕሮቲን ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች (አሚኖ አሲዶች) ነው የሚሠራው። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከእነሱ ላይሲን የሚባለው ሞልቶታል፣ ሜቲዮኒን የሚባለው ያጥረዋል። የጤፍና የስንዴው ተቃራኒ ነው። ሽሮ በእንጀራ ስንበላ አንዱ የሌላውን ይሞላል፤ አያቶቻችን ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም። አሁን እናንተ እንጀራውን ስትቀንሱ ያ ሙሌት አብሮ ይቀንሳል። ይህን የሚመልስላችሁ ቅባት እህል ነው፣ በተለይ ሰሊጥ። የተወቀጠ ሰሊጥ ወይም ኑግ ምስሩ ላይ፣ ሱፍ ስልጆው ውስጥ። ለዚህ ነው "ሽሮ ብቻ በሳህን" የማይበቃው። ኪቶ_በሐበሻ ቅባቱን መውደዱ ትክክል ነው። ጥራጥሬውን ማባረሩ ነው የማይገባኝ።

ለምሳሌ አንድ የጾም ቀን እንሥራ። 200 ግራም ቅቅል ድፍን ምስር 18 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፣ ከ40 ግራም ካርቦሃይድሬት ጋር። 200 ግራም ምሬቱ የወጣለት ቅቅል ግብጦ 31 ግራም ይሰጣል፣ ከ20 ጋር። 40 ግራም የተቆላ የዱባ ፍሬ 12 ግራም፣ ከ4 ወይም ከ5 ጋር። ፕሮቲኑ 61 ሆነ፣ ካርቦሃይድሬቱ 65 ገደማ። ከ130ው ግማሹ ገና እጅህ ላይ አለ። ጎመንህን ብላ፣ ቁራጭ እንጀራህን ብላ። ማንም ከእንጀራ አልፋታህም።

ግብጦ በጠፋ ጊዜ 50 ግራም ለውዝ 13 ግራም ፕሮቲን አለው። ለውዙ ግን በእፍኝ እየተቆጠረ ይበላ እንጂ ቴሌቪዥን ፊት በከረጢት አይቀመጥ፤ ግማሹ ዘይት ነው፣ ክብደት መቀነሱ ቀርቶ መጨመር ይመጣል።

ኪቶ_በሐበሻ

ሰላም ነው፣ አልጣላም። ባቄላው ላይ የ33ቱ ነገር አሳማኝ ነው። ምስሩ ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም።

የሰኞ_ገበያዋ (ደሴ)

አትስማማ ልጄ፣ ምስሩ ይሸጣል።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወሰንኩ። ኪቶ አልገባም። እንጀራው ለምሳ ብቻ፣ እሱም ግማሽ። ማታ ያለ እንጀራ። ሽሮው ባቄላ በዝቶበት በራሴ ይፈጫል፣ ጓያ የለበትም። የሰሊጡን ነገር በፍጹም አላሰብኩትም ነበር፤ ወጡ ላይ ልነስንስ ወይስ ውስጥ ይብሰል?

የሚያሳስበኝ ሆዴ ነው። እንዲህ በአንዴ ባቄላና ግብጦ ብሞላው ቢሮ ውስጥ ሰው አብሮኝ ይቀመጣል?

የሰኞ_ገበያዋ (ደሴ)

ሰሊጡን ቆልተህ፣ ወቅጠህ፣ ወጡ ከወረደ በኋላ። ከበሰለ ይወፍርና ሽታው ይሄዳል።

ለሆድህ፣ በአንዴ አትግባበት። መጀመሪያ ሳምንት በቀን አንዴ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፋ። ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል አትርሳ። ተልባ ስትጀምር ደግሞ ውሃ በብዛት ጠጣ፣ አለዚያ ይደርቅብሃል።

ከዳንግላ_ደሴ

ግብጦ ለምትፈልጉ፦ ወንድሜ በቀጣዩ ሳምንት ከዳንግላ ይመጣል፣ ግማሽ ኩንታል ያመጣልኛል። አምስት አምስት ኪሎ ልካፈላችሁ እችላለሁ፣ በገዛበት ዋጋና በመጫኛው። ቦርከና_ማዶ፣ የኮምቦልቻውን ሐረጎ_ተመላላሽ ይዞልህ ይውረድ። የማካፍለው ግን ጥሬውን ነው። ውሃ መቀየሩ የራሳችሁ ጉዳይ።

ሐረጎ_ተመላላሽ

እኔ አወርዳለሁ። ለኔም አምስት ኪሎ ያዝልኝ፣ ድስቱ ተገዝቷል።